የመገጣጠሚያ ስሞች፤ ለጨዋታ የሚሆን መካከለኛ ዴስክቶፕ ከሚመረጥባቸው ቃላት ታሪክ

ኮምፒዩተርን በክፍል በክፍሉ መርጦ ለመግጠም የተነሣ ሰው ገበያ ከመውጣቱ በፊት የሚያዘጋጀው ጽሑፍ ከስድስት ወይም ከሰባት መስመር አይበልጥም። ‹‹ራይዘን 5 7600፤ ቢ650 ማይክሮ ኤቲኤክስ ቦርድ፤ ዲዲአር5 6000፣ ባለ 16 ጊጋባይት ሁለት፤ አርቲኤክስ 4060፤ ኤም.2 ኤንቪኤምኢ፣ 1 ቴራባይት፤ ፓወር ሳፕላይ 650 ዋት›› ይላል። ግሥ የለውም፤ መስተዋድድም የለውም። ለጨዋታ የሚሆን መካከለኛ ዴስክቶፕ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። ይህ ወረቀት ለአንድ ተርጓሚ ቢሰጠው የሚተረጎም ነገር አላገኘሁበትም ብሎ ሊመልሰው ይችል ይሆናል። ይሁን እንጂ ወረቀቱ ሰዋስው አለው። ባለቤትና ግሥ በጾታና በቁጥር እንደሚስማሙ ሁሉ አንዱ መስመር ከሌላው ጋር መስማማት ይኖርበታል፤ ስምምነቱ ከፈረሰ ግን የሚበላሸው ዐረፍተ ነገር ሳይሆን መሣሪያው ነው፤ ለዕቃው የወጣውም ብር በቀላሉ አይመለስም።

በዚህ ጽሑፍ የምንሞክረው የእነዚህን ስሞች አመጣጥ ማሳየትና የአማርኛ ስያሜ አውጪና ተርጓሚ የትኛውን እንዳለ መያዝ፣ የትኛውን መተርጐም እንደሚገባው የበኩላችንን አስተያየት መስጠት ነው። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድመን ከራሳችን ቋንቋ እንነሣ። ገበያው ለመሣሪያ ክፍል የሚሰጠው ስም ‹‹መለዋወጫ›› ነው። ቃሉ ‹‹ተለዋወጠ›› ከሚለው የእርስ በርስ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ አንዱ በሌላው ቦታ ሊገባ የሚችል ዕቃ ማለት ነው። እንግሊዝኛው ለዚሁ ዕቃ ያለው ስም ከጠቅላላው የተከፈለ ቁራጭ መሆኑን ብቻ ሲናገር አማርኛው ዋናውን ባሕርይ፣ ማለትም ተተኪነቱን ያወጣዋል። ሁለተኛውም ቃል ‹‹መገጣጠሚያ›› ከዚያው አመል የተቀዳ ነው። አንድ ሰው ዕቃ የሚገጣጥምበት መሣሪያ ‹‹ማገጣጠሚያ›› ሲሆን፣ ሁለት ነገሮች እርስ በርስ የሚገናኙበት ቦታ ግን እንደ አጥንት ሁሉ ‹‹መገጣጠሚያ›› ይባላል። የመኪና ፋብሪካው ‹‹መገጣጠሚያ›› እየተባለ መጠራቱ ልዩነቱን ጥቂት ቢያደበዝዘውም አላጠፋውም። ሐሳባችን ባጭሩ ሲነገር፣ አንድ ዕቃ መለዋወጫ የሚሆነው መገጣጠሚያው ጸንቶ የታወቀ ስም ሲያገኝ ነው፤ የስያሜ ሥራም ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠብቀው የሚገባ ይህንኑ የመገጣጠሚያ ስም ነው።

የውጭ የዕቃ ስም ወደ አማርኛ መግባቱ አዲስ ነገር አለመሆኑን አንባቢ ያውቃል። ጋራዡ ፍሬንን፣ ፍሪሲዮንን፣ ካንዴላንና ማርሽን ከጣልያንኛ ወስዶ የራሱ አድርጓል። ከዚያም በፊት በ1874 የወጣው ‹‹ግራ›› የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ወደ አገራችን ሲገባ ‹‹ፉዚ ግራ›› የሚለው ስሙ በአርበኛው አንደበት ‹‹ውጅግራ›› ሆኗል። ይህ ስም ምንም አላሳሳተም፤ ምክንያቱም የውጅግራ ጥይት የሚገባው በውጅግራ ብቻ ነበርና። ችግር የሚመጣው አንድ ስም ለሁለት ልዩ ልዩ ጥይቶች ሲውል ነው። የኮምፒዩተር ገበያ ዛሬ የሚገኘው በዚህ ሁኔታ ላይ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንለፍ። አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፍሎሪዳ ግዛት በቦካ ራቶን ያዘጋጀውን የግል ኮምፒዩተር ለሕዝብ ያስታወቀው በነሐሴ 1981 ነበር። ይህ 5150 የሚል ቁጥር የተሰጠው መሣሪያ ባለ 4.77 ሜጋኸርዝ ኢንቴል 8088 ፕሮሰሰር፣ አምስት የማስፋፊያ ስሎቶችና 63.5 ዋት የሚሰጥ ፓወር ሳፕላይ ነበረው። ከቦርዱ ላይ ምስል ወደ ማሳያው የሚልክ ክፍል አልነበረም፤ ገዢው የማሳያ ካርድ ለብቻው መርጦ ከስሎቶቹ ባንዱ መትከል ነበረበት። እንግዲህ ‹‹የትኛውን ካርድ ልግዛ?›› የሚለው ጥያቄ ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ኩባንያው የቴክኒክ መመሪያ መጽሐፉን ከነሥዕላዊ ንድፉና ከነመነሻ ፕሮግራሙ ዝርዝር አሳትሞ መሸጡ፣ ሌሎች ከዚያ መሣሪያ ጋር የሚገጥም ዕቃ እንዲሠሩ መንገድ ከፈተ። ኮምፓክ በኅዳር 1982 ተመሳሳዩን ማሽን አስታወቀ፤ ሌሎችም ተከተሉ።

እዚህ ላይ ለቋንቋ ተመራማሪ እጅግ የሚያስደስት ነገር ይገኛል። ያ ሁሉ ካርድ የሚተከልበት መገጣጠሚያ ለብዙ ዓመታት የራሱ ስም አልነበረውም። በ1984 ከወጣው የአይቢኤም ማሽን ስም በመነሣት ‹‹የኤቲ ባስ›› ይባል ነበር እንጂ። አይቢኤም በ1987 ማይክሮ ቻነል የተባለ አዲስ መገጣጠሚያ አውጥቶ በፈቃድና በክፍያ ብቻ እንዲሠራበት ባደረገ ጊዜ፣ ዘጠኝ ተፎካካሪ ኩባንያዎች ተባብረው በ1988 የቀድሞውን ለማስፋፋት ተነሡ። ነገር ግን ‹‹ኤቲ›› የተፎካካሪያቸው የንግድ ስም በመሆኑ ሊጠሩበት አልፈለጉም፤ ስለዚህ ለአሮጌው መገጣጠሚያ ‹‹አይኤስኤ››፣ ለአዲሱ ‹‹ኢአይኤስኤ›› የሚል ስም አወጡ። አሮጌው መሣሪያ ስሙን ያገኘው ተተኪው በተወለደበት ቀን ነው ማለት ነው። ስሙን ለብቻው ያጠረው ማይክሮ ቻነል ከገበያ ጠፋ፤ ማንም ሊጠራው የሚችለው ግን በ1992 ፒሲአይ፣ በ1997 ኤጂፒ፣ ከ2003 ወዲህም ፒሲአይ ኤክስፕረስ እስኪተኩት ድረስ ዘለቀ።

‹‹ባስ›› የሚለውን ቃል በተመለከተ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች የጋራ መስመራቸውን በዚህ ስም የጠሩት ‹‹ለሁሉም›› የሚል ትርጉም ካለው ‹‹ኦምኒቡስ›› ከተሰኘው የላቲን ቃል ቈርጠው ነው። አውቶቡሳችንም የወጣው ከዚያው ነው። ሁለቱ እኅትማማቾች ቢሆኑም አንዱን በሌላው መተርጐም ሳቅ ከማስነሣት በቀር አይጠቅምም፤ ‹‹የጋራ መስመር›› ማለት ይበቃል።

የቦርዱ ስምም የራሱ ታሪክ አለው። አይቢኤም በ1981 መመሪያው ‹‹የሥርዓት ሰሌዳ›› ከሚለው ጋር የሚቀራረብ ስም ሲጠቀም፣ የአፕል ሰዎች ‹‹የሎጂክ ሰሌዳ›› ይሉታል፤ ገበያው ግን እናትነትን መርጧል። አማርኛ ‹‹እናት ድርጅት›› ማለትን ስለሚያውቅ ‹‹እናት ቦርድ›› የሚለው ስያሜ ለጆሮ አይከብድም፤ እኛም እንቀበለዋለን። ስለ ቦርዱ መጠን ስንናገር ግን ትርጉም ውስጥ አንገባም። ኢንቴል በ1995 ያወጣው ኤቲኤክስ 305 በ244 ሚሊሜትር፣ በ1997 የመጣው ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244 ሚሊሜትር ነው። ‹‹ኤቲ›› የተባሉት ፊደላት በ1984 ‹‹የላቀ ቴክኖሎጂ›› ለማለት የተመረጡ መሆናቸውን ዛሬ የሚያስታውስ ገዢ የለም፤ ማስታወስም አያስፈልገውም። ስሙ የሚነግረው የቡሎኑ ቀዳዳ የት እንዳለ ነው፤ ይህን ስም ‹‹የተራዘመ የላቀ ቴክኖሎጂ›› ብሎ የተረጐመ ሰው መረጃውን ጥሎ ገለባውን አተረፈ ማለት ነው።

ስለ ፕሮሰሰር ሲነሣ በአገራችን ያለው ግራ መጋባት ግልጽ ነው። በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ‹‹ሲፒዩ›› ሲባል ሰው የሚያስበው ከጠረጴዛ ሥር የተቀመጠውን ሣጥን ነው። አስተማሪዎች ይህን እንደ ስሕተት ያርማሉ። እርማቱ ለዛሬ ትክክል ቢሆንም ታሪክ ግን ለተሳሳተው ሰው ያደላል፤ በ1960ዎቹ በነበሩት ታላላቅ ማሽኖች ዘንድ ሲፒዩ በእርግጥም የልብስ ቁም ሣጥን የሚያህል ራሱን የቻለ ሣጥን ነበርና። ይህ ክፍል በአንድ ቺፕ ላይ ሊያርፍ የቻለው ኢንቴል በ1971 4004ን ባወጣ ጊዜ ነው። ሆኖም ዕቃ መራጩን የሚረዳው ታሪካዊ ፍትሕ አይደለም። ‹‹ሲፒዩ ስንት ነው?›› ብሎ ጠይቆ የሙሉ ሣጥን ዋጋ የተነገረው ሰው የሚያስፈልገው ሁለት የተለያዩ ስሞች ነው፤ ‹‹ፕሮሰሰር›› ለቺፑ፣ ‹‹ሣጥን›› ወይም ‹‹ኬዝ›› ለዕቃ መያዣው። በአንዳንድ የትርጉም ሥራዎች የሚገኘው ‹‹አንጎለ ኮምፒዩተር›› በግእዝ አዛምድ የተሠራ ውብ ስም ነው፤ ግን ውበቱ ለአንድ አንጎል ብቻ የተሰፋ ነው። በወረቀታችን ላይ ያለው ራይዘን 5 7600 ስድስት ኮሮች አሉት፤ የግራፊክስ ካርዱም የራሱን ፕሮሰሰር ይዞ ይመጣል። አንጎሎቹ እንዲህ ከበዙ ምሳሌው ራሱን ያፈርሳል።

የፕሮሰሰሮች የንግድ ስም ታሪክ ከፍርድ ቤት ይጀምራል ለማለት ይቻላል። ኢንቴል ‹‹386›› የሚለው ቁጥር የእርሱ ብቻ እንዲሆን ኤኤምዲን ከሶ በ1991 የአሜሪካ ፍርድ ቤት ቁጥሩ የዕቃው የወል ስም ሆኗል ሲል በየነ። የወል ስምና የተጸውዖ ስም ልዩነት ለሰዋስው መምህራን ብቻ የተተወ ነገር አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ፍርድ አላየንም። ኩባንያውም 586 ሊባል የነበረውን ቺፕ ከግሪክኛው ‹‹አምስት›› በመነሣት ‹‹ፔንቲየም›› ብሎ በ1993 ለገበያ አቀረበው። ቁጥሮቹ በሌላ በር ተመልሰው ሲመጡ ደግሞ መቍጠር ትተው ማዕርግ ሆነዋል። በ2009 የወጣው የኢንቴል ኮር አይ5 ውስጥም ሆነ በ2017 በወጣው የኤኤምዲ ራይዘን 5 ውስጥ 5 ቁጥር የምትቈጥረው ነገር የለም። በ3ና በ7 መካከል ተቀምጣ ‹‹መካከለኛ›› ትላለች፤ ይኸው ነው።

የፕሮሰሰሩ መቀመጫ ስም ግን ከዚህ ይለያል። ኢንቴል በ2021 ያወጣው ኤልጂኤ 1700 በእርግጥ 1700 የመገናኛ ነጥቦች አሉት፤ በ2022 የመጣው የኤኤምዲ ኤኤም5 ደግሞ 1718። ቁጥሩ ይቈጥራል ማለት ነው፤ ቢሆንም መቍጠሩ ብቻውን በቂ ሆኖ አልተገኘም። በ2015 የተጀመረው ኤልጂኤ 1151 በ2017 ቅርጹን ሳይለውጥ የነጥቦቹን የሥራ ድልድል ለወጠ። ስሙ ያው፣ ቅርጹ ያው ሆኖ ሳለ፣ የኢንቴል 8ኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ለ6ኛውና ለ7ኛው ትውልድ በተሠራው ቦርድ ላይ እንዲሠራ አልተደረገም። ያገለገለ ቦርድ የሚገዛ ሰው ዛሬም በዚህ ይያዛል። መዝገበ ቃላታችን እንዲህ ላለው ስም ‹‹1›› እና ‹‹2›› ብሎ ፍቺውን መክፈል አለበት፤ ለቤት ዘይቤ የምናደርገውን ለብረት የማናደርግበት ምክንያት የለም።

በመራጩ ዘንድ ከሁሉ የሚበልጠው ጭንቀት የግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ለጨዋታ በሚገጠም ማሽን ትልቁን የገንዘብ ድርሻ የሚወስድ እርሱ ነውና። በ1996 የወጣው ቩዱ የተባለው ካርድ ሦስት ገጽታ ያለውን ሥዕል ብቻ ስለሚሠራ ከጎኑ ሌላ ተራ ካርድ ይፈልግ ነበር። ኤንቪዲያ በ1999 ጂፎርስ 256ን ሲያስተዋውቅ ‹‹በዓለም የመጀመሪያው ጂፒዩ›› አለው፤ ምንም እንኳ ሶኒ በ1994 የፕሌይስቴሽኑን ሥዕል ሠሪ ቺፕ በዚሁ ምህጻረ ቃል ጠርቶት የነበረ ቢሆን፣ ቃሉ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ጂፒዩ ግን ቺፑ እንጂ ካርዱ አይደለም፤ ካርዱ ቺፑን፣ የራሱን ትውስታና ማራገቢያውን ይይዛል። የማራገቢያ ነገር ከተነሣ፣ በቤታችን የምናራግበው ከሰሉ እንዲቀጣጠል ነበር፤ እዚህ ግን የሚራገበው እንዲበርድ ነው። ቋንቋው ይህን ተቃርኖ ያለ አንዳች ቅሬታ ተቀብሎታል።

‹‹መካከለኛ›› ማለት በካርዶች ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት በስማቸው መጨረሻ የምትገኘውን 60 መመልከት ይጠቅማል። በ2010 ከወጣው ጂቲኤክስ 460 አንሥቶ እስከ 1060፣ 2060፣ 3060፣ 4060ና በ2025 እስከ ወጣው 5060 ድረስ ይህች ቁጥር የመካከለኛው መደብ ምልክት ሆና ኖራለች። ግንባሯ ላይ ያለው ቁጥር ትውልዱን፣ መጨረሻው መደቡን ይነግራል። የምዕላድ ትንተና ለሚወድ አንባቢ ይህን ያህል ንጹሕ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። ነገር ግን ንጽሕናው የላይ ላዩን ነው። በ2016 ጂቲኤክስ 1060 በሁለት ዓይነት ቀረበ፤ ባለ 6 ጊጋባይቱ 1280 ኮሮች ሲኖሩት፣ ባለ 3 ጊጋባይቱ 1152 ብቻ ነበረው። ስሙ ልዩነቱን የትውስታ መጠን ብቻ አስመሰለው። 3060 ከ12 ጊጋባይት ትውስታና ከ192 ቢት መስመር ጋር ወጥቶ ሳለ፣ በ2023 የተከተለው 4060 በ8 ጊጋባይትና በ128 ቢት መጣ። በብዙ ጨዋታዎች አዲሱ ይፈጥናል፤ ኃይልም ይቈጥባል፤ ሰፊ ትውስታ ለሚፈልግ ሥራ ግን ትንሹ ቁጥር ይሻላል። ይህን ከስሙ ማንበብ አይቻልም።

የስም ጉዳይ ብቻ ሆኖ አንድ ዕቃ ከገበያ የተመለሰበት ጊዜም አለ። በመስከረም 2022 ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4080 የሚል ስም ለሁለት ካርዶች ሰጠ፤ ባለ 16ና ባለ 12 ጊጋባይት። በውስጣቸው ያለው ቺፕ ግን የተለያየ ነበር። ተቃውሞ በመነሣቱ ኩባንያው በጥቅምት ወር ሁለተኛው በትክክል አልተሰየመም ብሎ ሰረዘው፤ ያው ካርድ በጥር 2023 ‹‹4070 ቲአይ›› ተብሎ ወጣ። የገዢዎች ጩኸት የአንድ ቃል አንድ ፍቺን መርሕ ያስከበረበት ታሪክ መሆኑ ነው፤ የትኛውም የስያሜ ጉባኤ ይህን ያህል ፈጣን ውጤት አግኝቶ አያውቅም ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

የትውስታን ነገር ስናነሣ የአማርኛው ገበያ ራሱ የፈጠረው ችግር ያጋጥመናል። ‹‹ሚሞሪ›› በብዙ ሰው ዘንድ በስልክ ውስጥ የምትገባዋ ቁራጭ ካርድ ናት። ስለዚህ ‹‹16 ጊጋ ሚሞሪ›› የሚል ጽሑፍ ሁለት የተለያየ ዋጋና ሥራ ያላቸውን ዕቃዎች ሊያመለክት ይችላል። በስልኮች ላይ የምናነበው ‹‹ማኅደረ ትውስታ›› ይህን አልፈታም። ማኅደር በሊቃውንት ዘንድ መጽሐፍ የሚቀመጥበት የቆዳ ከረጢት ነበር፤ ማለትም ለዘላቂ ማኖሪያ የተገባ ቃል ነው። የኮምፒዩተሩ ራም ግን መብራት ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ የሚለቅ፣ እንደ ተማሪ ሰሌዳ የሚጻፍበትና የሚጠፋበት ነው። ‹‹በዘፈቀደ የሚደረስበት›› የሚለው የቃል በቃል ትርጉም ደግሞ ይብሳል፤ ዘፈቀደ በአማርኛ ሥርዓት ማጣት ነውና። የመጀመሪያው ስም የወጣው፣ እንደ ቴፕ ጥቅል ከመጀመሪያው ሳያጠነጥኑ የተፈለገው ቦታ ላይ በእኩል ፍጥነት መድረስ ስለሚቻል ነው። እኛ ‹‹ራም›› እንዳለ እንዲቀር፣ ለኤስኤስዲና ለሃርድ ዲስክ ‹‹ማከማቻ›› እንዲጸና፣ ‹‹ሚሞሪ›› ብቻውን ቆሞ በጽሑፍ እንዳይገባ እንመክራለን።

የራም መገጣጠሚያም ለዓይን ያታልላል። ዲዲአር4ም ዲዲአር5ም 288 የመገናኛ ነጥቦች አሏቸው፤ የሚለያቸው ከግርጌ የተቈረጠችው ትንሽ ክፍተት ያለችበት ቦታ ነው። የኤልጂኤ 1700 ቦርዶች አንዳንዶቹ አንዱን፣ ሌሎቹ ሌላውን ብቻ ይቀበላሉ፤ የኤኤም5 ግን ዲዲአር5ን ብቻ። በወረቀታችን ላይ ያለው 6000ም ሻጮች እንደሚሉት ሜጋኸርዝ አይደለም፤ በሰከንድ የሚደረጉ ዝውውሮች በሚሊዮን ሲቈጠሩ ነው። ዲዲአር ማለት በአንድ የሰዓት ምት ሁለት ጊዜ መላክ በመሆኑ እውነተኛው ምት 3000 ሜጋኸርዝ ነው። ኤም.2ም እንዲሁ የቅርጽ ስም እንጂ የፍጥነት ስም አይደለም፤ ‹‹2280›› 22 ሚሊሜትር ስፋትና 80 ሚሊሜትር ርዝመት ይላል። በዚያው ቅርጽ ዘገምተኛው ሳታም ፈጣኑ ኤንቪኤምኢም ስለሚመጡ ሁለቱ ስሞች ተነጣጥለው መጻፍ አይገባቸውም።

በመጨረሻ የምንመለከተው ፓወር ሳፕላዩን ነው። ‹‹ኃይል መጋቢ›› ቢባል ለጆሮም ለትርጉምም የሚስማማ ይመስለናል። ጋን በጠጠር ይደገፋል እንደሚባለው፣ መራጮች ገንዘባቸውን በካርዱ ላይ ጨርሰው የሚንቁት ይህን ነው። ከኤቲኤክስ በፊት በነበሩት ቦርዶች መጋቢው የሚገናኘው እየራሳቸው ስድስት ፒን ባላቸው ሁለት ተመሳሳይ መሰኪያዎች ነበር፤ የተለዋወጡ እንደሆነ ቦርዱ ይቃጠላል። ባለሙያው የሚያውቀው መከላከያ ‹‹ጥቁሮቹ ሽቦዎች መካከል ላይ ይገናኙ›› የሚል የቃል ትምህርት ብቻ ነበር። የ1995ቱ ኤቲኤክስ ሁለቱን አንድ ባለ 20 ፒን አድርጎ ተገልብጦ እንዳይገባ አበጀው፤ በኋላም 24 ሆነ። ከዱባይ እየገቡ በአገራችን የሚሸጡት ያገለገሉ የቢሮ ዴስክቶፖች ግን ብዙዎቹ ይህን አይከተሉም። ሠሪዎቻቸው የራሳቸውን መሰኪያና የራሳቸውን የመጋቢ ቅርጽ ይጠቀማሉ፤ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ሽቦም የላቸውም። ስሎቱ ራሱ እስከ 75 ዋት ብቻ ስለሚሰጥ 115 ዋት የሚፈልገው 4060 በእንዲህ ያለው ሣጥን ውስጥ በቦታው ገብቶ ሳይሠራ ይቀራል። ‹‹መለዋወጫ›› የሚለው ስም እዚህ ላይ እውነት አይደለም፤ የሽያጭ ማስታወቂያ የሚተረጕም ሰውም ይህን ማለት ይኖርበታል።

የቀረው የመሰኪያው ስም ነው። በአማርኛ መ- እና -ያ የሚይዘው የስም ቅርጽ መሣሪያንም ቦታንም ስለሚያመለክት፣ ‹‹መሰኪያ›› የሚሰካውም የሚሰካበትም ነው፤ ‹‹ሶኬት››ም በየቤቱ በሁለቱም ፍቺ ይሠራበታል። በዚህ ላይ ‹‹ባለ 8 ፒን›› የሚባሉት ሽቦዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ለፕሮሰሰሩ፣ ሌላው ለካርዱ፤ የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ መስመሮቻቸው አቀማመጥም ተገላቢጦሽ ነው። የፕላስቲኩ ቅርጽ ስለሚለያይ ያለ ጉልበት አይገባም፤ ግን ጉልበት የሚጨምር አይታጣም። ስለዚህ የሚሰካው ‹‹ተሰኪ››፣ የሚቀበለው ‹‹መሰኪያ›› እንዲባል፣ ሁለቱ ሽቦዎችም በፒን ብዛት ሳይሆን ‹‹የፕሮሰሰር ተሰኪ›› እና ‹‹የካርድ ተሰኪ›› ተብለው በሥራቸው እንዲመዘገቡ ሐሳብ እናቀርባለን።